ሦስት ሚሊ

ሰኞ 4

የአርባው በር ሥራ ዛሬ ተጀመረ። ለአዲሱ ቤተ መጻሕፍት ቁም ሳጥኖች ናቸው፤ በሮቹ ጎን ለጎን ሲገጠሙ አንድ የተቦረቦረ መስመር ከመጀመሪያው በር እስከ አርባኛው ሳይሰበር መሄድ አለበት። አለቃችን ጠዋት ሰብስቦን ንግግር አደረገ። የንግግር ሱስ አለበት ሰውየው። «ይህ እንጨት ዳግመኛ አይገኝም!» አለ። የማይገኘውስ እሱ ዝም የሚልበት ቀን ነው።

መስመሩን የምቦረብረው እኔ ነኝ፣ በኮምፒውተር በሚታዘዘው ማሽን። ሰው ሁሉ ማሽኑ በራሱ የሚሠራ ይመስለዋል። ማሽን እኮ ዕውር ነው፤ የእንጨቱ ጥግ የት እንዳለ አያውቅም። ለያንዳንዱ በር መቁረጫውን በቀስት ቁልፎቹ እየነዳሁ ከግራው ጥግ በላይ አቆምና «ዜሮ እዚህ ነው» እለዋለሁ። ከዚያ ለከፍታው ከመቁረጫው ሥር ወረቀት አስገብቼ፣ ወረቀቱን በጣቴ ወዲያ ወዲህ እያልኩ መቁረጫውን ዝቅ ዝቅ አደርጋለሁ። ወረቀቱ ያዝ ሲያደርገኝ እዚያ ላይ ዜሮ። ከዚያ በኋላ ማሽኑ የሚቆጥረው ሁሉ ከእኔ ዜሮ ተነሥቶ ነው። እኔ ከሳትኩ ሁሉም ይስታል። አልስትም እንጂ።

መጋዙ ላይ ያለው አቶ ዝም ነው። የሚስቴ ታናሽ ወንድም ነው፤ ካልተቀጠረ ብላ አልቅሳብኝ ነው ያስገባሁት። ሳንቃውን በልኩ ቆርጦ አምጥቶ ማሽኔ ላይ ያጋድማል፣ ሌላ ሥራ የለውም። ስሙን ያወጣሁለት እኔ ነኝ፤ ሰላምታውን እንኳ ግማሹን ውጦ ነው የሚሰጥህ። ዝም ባለ አፍ ዝንብ አይገባበትም ይላሉ። እንደዚህ ከተዘጋማ ምሳም አይገባበትም።

ማክሰኞ 5

ስድስት በር። ስድስቱም ንጹሕ።

ሥዕሉን በኮምፒውተር የምታዘጋጀው ልጅ መጥታ ለካቻቸው። «ጋሼ፣ ለምን ጠረጴዛው ላይ ሁለት ችንካር አንተክልም? በሩን ችንካሩ ላይ ማስጠጋት ብቻ ነው፤ ጥጉን በየበሩ መፈለግ ይቀርልዎታል» አለችኝ። ችንካር ለጀማሪ ነው አልኳት። ሠላሳ ዓመት መሮ የያዘ ሰው ችንካሩ ዓይኑ ነው። ትናንት ከትምህርት ቤት ወጥታ ዛሬ ዜሮ ልታስተምረኝ! አወቅሽ አወቅሽ ቢሏት የባሏን መጽሐፍ አጠበች።

ሐሙስ 7

በችኮላ። ሦስት በር፣ ሁለቱ ተበላሹ። መስመሩ ወደ ቀኝ ሦስት ሚሊ ሄዷል።

አቶ ዝም ዛሬ የለም። ሐሙስ ሐሙስ ሚስቱን ለወገቧ ሕክምና ይወስዳታል። የሠራሁት ትናንት ቆርጦ የተወውን ሳንቃ ነው። በቃ፣ ተገኘ! ጠማማ ቆርጧል። አጠገቤ ቆሞ ሲያቀርብልኝ አይታወቅበትም፣ ዞር ሲል ጉዱ ወጣ።

ደግሞ አቧራው። የአቧራ መምጠጫው ደክሟል፤ ቤቱ በሙሉ ጭጋግ ነው። ለአለቃው ስነግረው «የምን ጭጋግ?» ይለኛል። እዚህ ቤት የሚያይ ዓይን ያለው ማን አለ?

እሑድ 10

ከሰዓት፣ መስኮቱ ሥር።

አሁን የምጽፈው እዚህ ብቻ ሆኗል። ሚስቴ የገዛችው አምፖል ብርሃኑ እንደ ለብ ያለ ውሃ ነው፤ አይሞቅ አይበርድ። ሦስት ጊዜ አስቀየርኩት፣ ሦስቱም ያው። ዘንድሮ አምፖልም ይዋሻል።

በትከሻዬ ላይ አየት አደረገችና «ፊደልህ ምነው እንዲህ አበጠ? ድሮ በአንድ ገጽ የምትጨርሰውን አሁን በሦስት ትጽፋለህ» አለችኝ።

«ደብተሩ ርካሽ ነው። መስመሩ አይታይም።»

«ቁልጭ ያለ ሰማያዊ ነው።»

«ለአንቺ ነዋ!»

ሻይ ቀዳሁ፣ ጠረጴዛው ረጠበ። ምንም ሳትል በጨርቅ ጠረገችው። ዘራቸው እንዲሁ ነው፣ ወንድሟም እሷም ዝም ሲሉ ይበልጥ ያናድዳሉ።

ለጭጋጉ ይሆነኛል ብዬ ከመንገድ ዳር መነጽር ገዝቼ ነበር። ጭጋጉን አጎላው እንጂ አልገፈፈውም። ሻጩ አጭበርባሪ ነው። ይዤው ብመለስ ደግሞ «አባባ፣ ይሄ እኮ የመነጽር ጉዳይ አይደለም» አለኝ። ዕቃ ከሸጡልህ በኋላ ሁሉም ሐኪም ይሆናሉ።

ዛሬ ያ የቫርኒሹ ሰውዬ ትዝ አለኝ። አምና እጁ መንቀጥቀጥ ጀምሮት በሮቹ ላይ የቫርኒሽ እንባ ይተው ነበር። ለአለቃው «ዕድሜ የሚባል ነገር አለ፣ ሰውየውን ወደ ቤቱ ሸኘው» ያልኩት እኔ ነኝ። ሃያ ዓመት ከእኛ ጋር የሠራ ሰው ነው፤ ከምሳ በፊት ሸኘነው። ልክ ነበርኩ። ያንን እንባ ስንት ጊዜ እንደፋቅኩለት እኔ ነኝ የማውቀው። ዛሬ ለምን ትዝ እንዳለኝ ግን እንጃ።

ማክሰኞ 12

ስምንት በር፣ አንድም እንከን የለም። ትናንት አቶ ዝምን ጠርቼ «አቆራረጥህን አስተካክል፣ እህትህን አታሳፍራት» ብዬው ነበር። «እሺ ጋሼ» አለ። ይኸው ተስተካከለ። ሰውን መገሠጽ ዋጋ አለው።

አንድ ነገር ብቻ አልጣመኝም። የአቧራ መምጠጫው ማብሪያ ከኋላ ግድግዳው ላይ ነው። አለቃው በመብራት ስለሚሰስት በየበሩ ማብራት፣ በየበሩ ማጥፋት ነው። ዜሮ አስይዤ ላበራ ስሄድ አቶ ዝም ማሽኔ አጠገብ ይቀራል። ስመለስ ጣራ ጣራ ያያል። ጣራው ላይ ምን አለ?

ሐሙስ 14

አራት በር። አራቱም ከንቱ!

ልጅቷ ለአለቃው ስትነግረው ከአቧራ መከለያው መጋረጃ ማዶ ሰማሁ። «ይገርማል፣ ጥልቀቱ አንድም ቀን ተዛንፎ አያውቅም። የሚስተው ጎኑ ነው። ያውም ሐሙስ ሐሙስ።» ጥልቀቱማ እንዴት ይዛነፋል! በጣቴ ነው የምይዘው።

አለቃው መጣ። «ትርፍ ያዘዝኩት አሥር ሳንቃ ነበር፤ ስድስቱን በላችሁት። አራት ቀረ። ወይ መጋዙ ነው፣ ወይ ማሽኑ ነው። ከሁለታችሁ አንዳችሁ ትሄዳላችሁ፤ የቱ እንደሆነ እናንተው ንገሩኝ!»

«መጋዙ ነዋ» አልኩት። ሳላስበው ወጣ። ብዙም የሚታሰብበት ነገር አይደለም።

ዓርብ 15

ዛሬ ማብሪያው ጋ ደርሼ ሳላበራ ዞር አልኩ። አቶ ዝም በማሽኔ ቁልፎች ላይ ጎንበስ ብሏል። ከሩቅ ነው፣ ጭጋግም አለ፣ ጀርባውን ግን አውቀዋለሁ። መምጠጫውን አብርቼ ተመለስኩ። ባለቤቱን ካልናቁ አጥሩን አይነቀንቁ፤ ንቆኛል ማለት ነው።

ሰባቱም በር ግን ደህና ወጣ። ይህ ነገር ከዚያኛው ጋር አልገጥም አለኝ። ተውኩት።

ሰኞ 18

ያዝኩት!

የሄድኩ መስዬ በሳንቃው ክምር ዞሬ ከኋላው መጣሁ። አንገቱን አስግጎ መቁረጫውን በቀስቱ ቁልፍ ቅንጣት በቅንጣት ይነዳል፤ ጥጉ ላይ ያለውን ዱቄት እፍ ይላል፤ እንደገና ይነዳል። ከዚያ «ዜሮ» የሚለውን ተጫነ። እጁን ቀጨም አደረግሁት።

«ለካ ዜሮዬን የምታዛባው አንተ ነህ! በገዛ ቤቴ ያበላሁህ ሰው!»

መላጊያው ቆመ፣ ሁሉም መጣ። አለቃው «ነክተሃል?» አለው።

«ነክቻለሁ።»

«ለምን?»

አቶ ዝም እኔን አየኝ። ፊቱ ምን እንደሚል አልለየሁትም። «ጋሼ ያሉት ልክ ነው» አለ።

እንግዲህ ራሱ ካመነ ምን ይባላል? አለቃው ቃሌን ወረቀት ላይ ጽፎ «ፈርም» አለኝ፣ ፈረምኩ። «መስመሩ ላይ እንጂ ጽሑፉ ላይ ፈረምክብኝ እኮ!» አለ። የእሱ ጽሑፍ ራሱ ፊርማ ነው የሚመስለው። አቶ ዝም ሽርጡን አጣጥፎ መጋዙ ላይ አስቀመጠና ወጣ። ሲወጣ እንኳ በሩን ቀስ አድርጎ ነው የዘጋው። እንዲህ ያለ ሰው ያናድደኛል።

ማክሰኞ 19

ሚስቴ አኩርፋለች። ሳህኑን ከፊቴ አስቀመጠች፣ «ጨው በግራህ ነው» አለች፣ ሄደች። በግራዬ መሆኑን አጥቼው ነው? በቀኜ ስፈልግ ቆይቼ ነበር፣ ያ ግን ሌላ ነገር ነው።

ረቡዕ 20

መጋዙን አለቃው ራሱ ይዞታል፤ እየቆረጠም ንግግር ያደርጋል። ሦስት በር ሠራሁ። ሦስቱም ሄዱ። አንደኛው አራት ሚሊ። ትርፍ ሳንቃ አንድ ቀረ።

«ከመሄዱ በፊት ማሽኑን አንድ ነገር አድርጎት ነው» አልኩ። ማሽኑ የተጫኑትን ሁሉ ከነሰዓቱ ይመዘግባል። መዝገቡ ይውጣልኝ አልኳቸው፣ ጉዱን ላሳያችሁ! ልጅቷ ዓርብ አወጣለሁ አለች። ይውጣ። እኔ ሰው የምይዘው በማስረጃ ነው።

ዓርብ 22

መዝገቡ ወጣ። መነጽሬን ረስቻለሁ፣ አንብቢልኝ አልኳት።

ለየበሩ ዜሮ ሁለት ሁለት ጊዜ ተይዟል። አንዱ የእኔ። ሁለተኛው ከደቂቃ በኋላ። ልዩነታቸው ሦስት ሚሊ፣ ሁለት ተኩል፣ አራት፣ ሦስት። ሐሙስ ሐሙስ ግን አንድ ጊዜ ብቻ። ከማክሰኞ ወዲህም አንድ ጊዜ ብቻ።

«ሁለቴ የተያዘባቸው በሮች የትኞቹ ናቸው?»

«ደህናዎቹ ናቸው፣ ጋሼ።»

ወረቀቱን አጣጥፋ ኪሴ ከተተችልኝ። ለማንም አልናገርም አለች። ማን ጠየቃት?

ዛሬ ሌላ የሚጻፍ የለም።

እሑድ 24

ከሰዓት፣ መስኮቱ ሥር። ደብተሩን ይዤ ተቀምጬ ሳልጽፍ ፀሐይዋ ከጠረጴዛው ወርዳ ወለሉ ላይ ደረሰች።

ሚስቴን ጠየቅኳት። «ታውቂ ነበር?»

«አምና ደረጃው ላይ ከወደቅህ ጀምሮ። ደረጃውን ነበር የሰደብከው።»

«ታዲያ ለምን አልነገርሽኝም?»

«አንተ ሰውዬ! ስንት ጊዜ ልንገርህ? ሐኪም ቤት እንሂድ ብልህ ‹ሐኪሙ ራሱ መነጽር ያደርጋል› አልከኝ።»

ብያለሁ። እንዲያውም ስለው ስቄ ነበር።

«ወንድሜ ሥራ አጥቶ እንዳይመስልህ» አለች። «ደህና ሥራ ነበረው። አስትቼው ነው ያመጣሁት። ከጎኑ ሆነህ እይለት ብዬ ለምኜው ነው። ያለቀስኩት ለማን መሰለህ? የቫርኒሹ ሰውዬ ሚስት ገበያ ስታገኘኝ እስከ ዛሬ ፊቷን ታዞርብኛለች። በሰፈሩት ቁና መሰፈር አይቀርም። ያንን ነው የፈራሁልህ።»

«ለምን አልተናገረም ታዲያ፣ ያ ሁሉ ሰው ባለበት?»

«ቢናገር የሚባረረው ማን ነበር?»

እኔ፣ ለአምፖሉ እንኳ መልስ የማላጣው ሰው፣ ደብተሩን ከፈትኩ።

እውነቱን ልጻፈው፤ እዚህ ገጽ ላይ ማንም አይሰማኝም። ጥጉን ስፈልግ ሁለት ጥግ ነው የማየው። አንዱን እመርጣለሁ። ወረቀቱ ግን አንድ ነው፣ ጣቴም አይሳሳትም፤ ስለዚህ ጥልቀቱን እያየሁ ራሴን ሳሞግስ ኖርኩ። ጭጋጉ ቤቴም አለ፣ መንገድም ላይ አለ፣ የሚስቴ ፊት ላይም አለ። ይህን ካወቅኩ ዓመት ሊሞላኝ ነው። ስለዚህ አላወቅኩም ማለት አልችልም። የራሷ አሮባት የሰው ታማስላለች የሚባለው ለእኔ ነው የተተረተው። ሦስት ሳምንት ሙሉ በዚህ ደብተር ያልሰደብኩት የለም፤ በስተመጨረሻ ለራሴ የሚገባው ስድብ ሲያስፈልግ አለቀብኝ።

ማክሰኞ 26

ለአለቃው ልነግረው ሄድኩ። «ምን ፈለግህ?» አለኝ።

«ምሳ ሰዓት ደርሷል ወይ?» አልኩት።

ቱ! ሰው ለመክሰስ ቤቱን በጩኸት አናጋሁት፣ ለማመን ሲሆን ምሳ ጠየቅኩ። ማሽኑ ተበላሽቷል ብዬ ሁለት ቀን ሙሉ ስጠርገው ዋልኩ። እንዲህ ንጹሕ ሆኖ አያውቅም።

ሐሙስ 28

ሚስቴ ጠዋት ጫማዬን አቀብላኝ ወሬ እንደምታወራ «ወንድሜ የእንጨት መጋዘን ገብቶ ተሸካሚ ሆኗል» አለች። «ቀን ቀን ፈቃድ አይሰጡትም። ዛሬ ሐሙስ አይደል? ሚስቱን የሚወስዳት የለም።»

መንገዱን ሁሉ ይቺን አንዲት ነገር ይዤ ሄድኩ። ሴትየዋ ወገቧን ይዛ በር በሩን ስታይ ታየኝ። ይኸኛው ደግሞ ጥርት ብሎ ታየኝ።

አለቃው የመጨረሻዋን ትርፍ ሳንቃ ራሱ ተሸክሞ አምጥቶ ማሽኔ ላይ አጋደማት። «በል፣ ይቺን» አለኝ። ሁሉም ቆመው ያያሉ። ቁልፉን አልነካሁም።

«መጋዙ አይደለም» አልኩ። «ማሽኑም አይደለም። ዓይኔ ነው። ልጁ ዜሮዬን አላዛባም፤ ሲያርምልኝ ነበር። ደህና የወጣው በር ሁሉ የእሱ ነው።» ወረቀቱን ከኪሴ አውጥቼ ሰጠሁት።

አለቃው አነበበ። ደግሞ አነበበ። ካወቅኩት ጀምሮ ለመጀመሪያ ጊዜ ንግግር አላደረገም። ቆይቶ «በፊርማህ እኮ ነው ያባረርኩት» አለ።

«በፊርማዬ ትመልሰዋለህ።»

«ጽፈህ አምጣ። እሱንም ይዘኸው ና። ስለ አንተ ግን ምንም ቃል አልገባም።»

የቫርኒሹ ሰውዬም እንዲህ ቆሞ ነበር፣ እዚያው ቦታ። ያኔ እኔ ምሳዬን እየበላሁ ነበር።

እሑድ 1

ይህ ጽሕፈት የእኔ አይደለም። የሚጽፈው አቶ ዝም ነው፤ እኔ ቁጭ ብዬ እናገራለሁ። «‹አቶ ዝም› ብዬ ልጻፍ?» አለኝ። እንዳለ ጻፈው አልኩት።

ከሚስቴ ጋር ቤቱ መጣን። በሩን ሲከፍት ይቅርታዬን አፌ ላይ አዘጋጅቼ ነበር። እሱ ግን ቀድሞ «ጋሼ፣ ቀስ ይበሉ፣ ሦስት ደረጃ አለው» አለና ክንዴን ያዘኝ። ያዘጋጀሁት ሁሉ ጠፋብኝ። ገብቼ እንደተቀመጥኩ «በድዬሃለሁ» ብቻ አልኩት። «ይተዉት» አለ። አልተውም አልኩት፤ ደብተሩን ሰጥቼ ከመጀመሪያው ገጽ ጀምሮ ጮክ ብሎ እንዲያነበው አደረግሁ። ስድቡ ጋ ሲደርስ ሊዘለው ነበር፤ እንዳትዘል አልኩት። ምሳም አይገባበትም የሚለው ጋ ሚስቱ ከአልጋዋ ላይ ሳቀች፣ ወገቧን ይዛ፣ «ኧረ አታሥቁኝ፣ ያመኛል» እያለች። እሷ ወገቧን ይዛ በር በሩን ስታይ ጥርት ብሎ ታየኝ የሚለው ጋ ሲደርስ ግን ማንም አልሳቀም። የሚቀጥለው ሐሙስ ሚስቴ ይዛት ትሄዳለች፤ እኔንም በዚያው ለዓይን ሐኪሙ ታስረክበኛለች። መነጽር ቢያደርግም ባያደርግም አልናገረውም።

እንግዲህ ለአለቃው የሚሄደው ቃሌ ይህ ነው፤ በንጹሕ ወረቀት ገልብጠን ነገ እንወስደዋለን። ባለፈው የፈረምኩት ሐሰት ነው። ዜሮውን የሳትኩ እኔ ነኝ፤ ያረመው የሚስቴ ወንድም ነው፤ ተከስሶም ያልከሰሰኝ እሱ ነው። ማሽኑን እሱ ይያዝ። ጠረጴዛው ላይ ሁለት ችንካር ይተከል፤ ልጅቷ ልክ ነበረች፣ ይህን ስጽፍ ጥርሴን እያመመኝ ነው። ለከፍታው ወረቀት የሚይዝ ጣት ካስፈለጋችሁ ጣቴ ደህና ነው። ካላስፈለጋችሁም ቤቴ መስኮት አለው።

አቶ ዝም ቃሌን በንጹሕ ወረቀት ገልብጦ ብዕሩን አስቀመጠ። «ጋሼ፣ ከታች ይፈርሙ» አለ።

«የቱ ጋ?»

እጄን ያዘና ጣቴን ወረቀቱ ጥግ ላይ አሳረፈልኝ። ይህንንም ጻፍ አልኩት።